የምግብ ፍላጎት መጥፋት ጾም ነውን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ከሁለት ሦስት ጉርሻ በላይ አይወርድላቸውም፤ የሆድ ድርቀትም ያስቸግራቸዋል። ፍልሰታ ሲገባ ጭራሽ እህል ጠሉ። ጎረቤት «ጸጋ ተሰጥቷቸው ነው፣ አትነካኪያቸው» ይለኛል። እኔ ግን ልብሳቸው እየሰፋቸው ሲሄድ ፈራሁ። ብሉ ብላቸው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንብሽም እኅቴ። ዝም ብትዪ ነው የማዝንብሽ።

ይህን «ጸጋ ነው» የሚሉትን ነገር ከሞጣ እስከ ቡሬ በስንቱ ቤት ሰምቼዋለሁ። ሰው እናቱን ማክበሩ ደግ ነው። ግን አክብሮ አክብሮ ያስርባቸዋል። ጾም እኮ የሚያምርሽን መተው ነው። ሽሮው ሲንተከተክ እየሸተተሽ፣ ምራቅሽን እየዋጥሽ ቅዳሴ እስኪወጣ ስትጠብቂ፣ እሱ ጾም ነው። ምንም የማያምረው ሰው ምኑን ተወ? እናትሽ በጉልበታቸው ዘመን ጾመዋል። የአሁኑ ሌላ ነው፤ እርጅና ነው፣ ምናልባትም በሽታ።

መጽሐፍ ይህን አልደበቀም። ንጉሥ ዳዊት ገለዓዳዊውን ቤርዜሊን ኢየሩሳሌም ወስዶ ሊቀልበው ፈለገ። ሽማግሌው ምን አለ? 80 ዓመቴ ነው፤ የምበላውንና የምጠጣውን ጣዕም መለየት እችላለሁን? (2ኛ ሳሙ. 19፥35)። ጸጋ በዛልኝ አላለም። ሐኪሞችም ይህንኑ ነው የሚሉት። ሰው ሲያረጅ ማሽተቱም መቅመሱም ይደክማል። ጨጓራው ምግቡን ቶሎ ስለማያወርድ በጥቂት ይጠግባል። አንጀቱም ይዘገያል። ጥሙ ስለሚቀንስ ውኃ አይጠጣም፣ ሆዱ ይደርቃል፤ ሆዱ ሲደርቅ ደግሞ እህል ይጠላል። አንዳንድ መድኃኒትም አፍና ሆድ ያደርቃል። ጥርስ ከሌለማ ቆሎው ቀረ።

«ሕጉስ?» ትዪኝ ይሆናል። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ይለያል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆድህ ብለህ ውኃ ብቻ አትጠጣ፣ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ስለ ሆድ ለመጻፍ አላፈረም። እኛ ዘንድ ግን እናት የሆድ ድርቀቷን ለልጇ መናገር ነውር ይመስላታል፤ እስክትወድቅ ትደብቀዋለች።

ውሳኔው የንስሐ አባታቸው ነው፤ የአንቺም የጎረቤትም አይደለም። እናትሽ «ጾሜን አታስፈቺኝ» ካሉሽ አትከራከሪያቸው። የንስሐ አባታቸውን ዛሬውኑ ቤት ጥሪያቸው። «ብሉ» የሚለውን ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ መብላቱ መታዘዝ ይሆንላቸዋል።

ሰዓቱ ከተፈቀደላቸው የጾሙ ምግብ ራሱ ይበቃል። ጠዋት ቀጠን ያለ አጥሚት። ቆየት ብሎ ሱፍ ፍትፍት፣ እንጀራው በደንብ የራሰ። ተልባ በውኃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፤ ለድርቀቱ ጥሩ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ብቻቸውንም አታስበሊያቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጠሽ አጉርሻቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ሲውጡ የሚያንቃቸው ከሆነ፣ የሚያስመልሳቸው ከሆነ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ ወይም ደም ካለው እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ጠበሉን ይጠጡ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል ብለሽኛል። ይሄ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ ፍልሰታ እስኪፈታ አትጠብቂ። ስትሄዱ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል አድርገሽ ያዢ።