የዋንዛ ጠረጴዛ ራሴ ልሥራ ወይስ ላሠራ ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ "ለአዲሱ ቤቴ የምግብ ጠረጴዛና 6 ወንበር በዋንዛ ራሴ ልሥራው ወይስ ላሠራ" ያልከውን አይቼ ነው። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ቤት ስገባ እንዳንተ ብዬ ነው የተቃጠልኩት፣ ስማኝ።

1. ማን ይሥራው ከማለትህ በፊት እንጨቱ ደርቋል ወይ በል። እኔ ጣውላውን የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው፣ ሻጩ "ደረቅ ነው ጋሼ፣ ዓመት ያለፈው" አለኝ አመንኩት። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ላግቼ፣ በኮላ አጣብቄ፣ ፊቱን ከሥር ካለው ፍሬም ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ቫርኒሽ ሲነካው ያ የዋንዛ ቡናማ መስመር ወጣ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ከየት ገዛኸው ነው የሚለኝ። የካቲት ላይ እራት ቀርበን እያለ ጧ! አለ፣ ልጆቹ ከወንበር ዘለው ተነሱ። ከጫፍ እስከ መሀል ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ! ለካ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው የሚጠበው፣ እኔ ደግሞ በብሎን ቀፍድጄ ይዤው መሄጃ አጣ። የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

2. ላሠራ ካልክ ቀብድ ላይ ተጠንቀቅ። አልጋ ሳሠራ ከግማሽ በላይ ከፈልኩ፣ ከዛ ሁለት ወር "ነገ ና"። ሰውየው ከማሽኑ ቀና እንኳን ሳይል "ካልተመቸህ ሌላ ጋ አሠራ" ይለኛል፣ ብሬ እሱ ጋ እያለ! አልጋው ሲመጣ ሳልገለብጥ ተረከብኩ፣ ከሥር ያለው ርብራብ ሁሉ የግንዱ ዳር፣ ነጩ ክፍል ነው። ነጩን ነቀዝ ይወደዋል፣ በ6 ወሩ ወለሉ ላይ ዱቄት ማየት ጀመርን። አንተ ገልብጠህ እይ።

3. አሁን እንጨቱን ራሴ እገዛለሁ፣ ጥላ ሥር በጣውላዎቹ መሀል ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ ንፋስ እንዲያገኝ እደረድራለሁ። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው ቢያንስ አንድ ዓመት። አንዷን ጣውላ በየወሩ በሚዛን እመዝናለሁ፣ ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም ደርቃለች ማለት ነው። ከዛ አናጢ ጋ ወስጄ ቆረጣውንና ወንድና ሴቱን፣ ማለትም አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ የሚገባበትን መጋጠሚያ፣ እሱ በማሽን ይሠራል፣ መግጠምና ቫርኒሹን እኔ። ሁለተኛው ጠረጴዛዬ እንዲህ ነው የተሠራው፣ ሦስት ክረምት አልፎት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ የለውም።

አሁንም በረንዳዬ ሥር ከጥር ጀምሮ ክብደቱ ያልቀነሰ ጣውላ አለኝ። ከመግዛትህ በፊት መጥተህ በእጅህ አንሳው፣ የደረቀና እርጥቡን ያኔ ትለያለህ። ሚዛኑንም አውስሃለሁ፣ ኢንቦክስ አድርገኝ።