ጥያቄና መልስ፦ በተዋጊ ጄት የኋላ ወንበር

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተራ ባሕረኛ ነው፤ ሥራው የጄት ጥገና ነው። በሥራው ተመስግኖ በጄት የኋላ ወንበር ተቀምጦ እንዲበር ተመርጧል። ቀኑ ዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ «ሆዴ ባዶ ከሆነ አያስመልሰኝም» ይላል። እናታችን ደግሞ ማተቡን እንዳያስፈቱት ሰግታለች። ምን እንምከረው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ዕድሉ የሚገኘው ሁለት ወንበር ባላቸው እንደ ኤፍኤ-18ኤፍ ባሉ ጄቶች ብቻ ነው፤ ኤፍ-35 የኋላ ወንበር የለውም።

ስለ ባዶ ሆድ ግን ወንድምዎ ተሳስቷል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው የውስጥ ጆሮና ዓይን የሚያቀብሉት መልእክት ሲጋጭ ነው፤ ሆድ ባዶ ቢሆንም አይቀርም። ይልቅ የሚያሰጋው የውኃ ጥም ነው። ጄቱ ተጠማዞ 5 ጂ (የመሬት ስበት አምስት እጥፍ ጫና) ሲደርስ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 350 ኪሎ ይሆንበታል፤ ደሙም ወደ እግሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ የግራና የቀኝ እይታው ይጠባል፣ ከዚያ ይጨልማል፤ መጨረሻው ራስን መሳት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመሰ ሰው እዚህ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር፤ ወይም ቀኑ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆንለት አለቆቹን ይጠይቅ። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ይጠጣ፤ ከበረራው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ዳቦና ሙዝ ይብላ። ሽሮና ክክ ለዚያ ቀን ይቅሩ፤ ከባሕር ጠረፍ የተነሣ ሰው የሆዱ አየር ጄቱ ከፍ ሲል በሢሶ ያህል ይሰፋል። መጠጥ ከበረራ ገለጻው በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ክልክል ነው።

ጂውን የሚቋቋመው በጡንቻው ነው። አብራሪው ሲያስጠነቅቀው፣ ጫናው ሳይመጣ፣ ባቱን፣ ጭኑን፣ መቀመጫውንና ሆዱን ያጠንክር፤ አየር ስቦ ጉሮሮውን ይዝጋ፤ በየ3 ሴኮንዱ ፈጠን አድርጎ አስወጥቶ መልሶ ይሳብ። ጫናው ከመጣ በኋላ የጀመረ ዘግይቷል። ጂ-ሱቱ (የሚታጠቀው ልዩ የበረራ ልብስ) እግርና ሆድን በአየር ይጨምቃል እንጂ ይህን ሥራ አይተካም። ጭንቅላቱን ከመደገፊያው አያንሣ፤ 2 ኪሎ የሚሆነው ሄልሜትና ማስክ በ5 ጂ 10 ኪሎ ሆኖ አንገት ያጥፋል።

አጥብቀን የምንመክረው ስለ እጁና ስለ መታጠቂያው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ፈረንሳይ ውስጥ የ64 ዓመት ሰው ራፋል በተባለው ተዋጊ ጄት የኋላ ወንበር ተጋብዘው ወጡ። ቀበቶአቸው በደንብ አልጠበቀም ነበር። አብራሪው ሽቅብ ወጥቶ የጄቱን አፍንጫ ዝቅ ሲያደርግ ከወንበሩ ተንሳፈፉ፤ ደንግጠው ያገኙትን ጨበጡ፤ የጨበጡት በአደጋ ጊዜ ሰውን ከነወንበሩ ከጄቱ የሚያወጣውን የማስፈንጠሪያ መያዣ ነበር። ተስፈነጠሩ፤ ሄልሜታቸው በአየር ላይ ወለቀ፤ ደግነቱ በፓራሹት በሕይወት ወረዱ። አብሮ መስፈንጠር የነበረበት የአብራሪው ወንበር በብልሽት ስላልተነሣ አብራሪው ጄቱን በሰላም አሳረፈ። በኤፍኤ-18ም ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው መያዣ በሁለት ጭኖች መካከል ነው። የጭኑን ቀበቶ ትንፋሹን ይዞ እስኪያመው ያጥብቅ፤ ሲደነግጥ እጁ የት እንደሚሄድ መሬት ላይ ወስኖ ይለማመድ፤ ጭኑ ላይ ይሁን። የእግር ማሰሪያውም አይዘንጋ፤ ሲስፈነጠር ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ እንዳይጋጭ ወደ ኋላ የሚስበው እሱ ነው። ወንበሩ ከ62 እስከ 97 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ ስለሆነ የበረራ ሐኪሙ አስቀድሞ ይመዝነዋል፤ ቁመቱንም ተቀምጦ ይለካዋል።

ማስመለስ ከመጣ ማስኩን በአንድ ወገን ቀድሞ ይፍታ፤ ማስክ ውስጥ ያስመለሰ መተንፈሻውን ይደፍናል። ከረጢቱ ዚፕ ባለው ኪስ፣ ሳይፈልግ በሚያገኝበት ይሁን።

ከፍታው አያስጨንቃችሁ፤ ጄቱ እስከ 7,000 ሜትር ሲወጣ የውስጡ አየር የሚጠበቀው በ2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ማለት ነው። ጆሮ የሚቸገረው ከዚያ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚደፈነው ዓይነት ነው፤ ግን እጅግ ፈጣን። አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ ይንፋ። ጉንፋን ካለበት ግን አይብረር።

ለእናታችሁ እንዲህ ይበሏቸው፦ ቀለበት፣ ሰዓትና ሰንሰለት ይወልቃል፤ ሾልኮ የወደቀ ብረት መሪ ሊያጣብቅ ይችላልና። የማተቡን ነገር ልብሱን ለሚያለብሰው ባለሙያ ከበረራው ቀን በፊት ያሳየው። ብረት መስቀል ካለበት መስቀሉን ፈትቶ ዚፕ ባለው ኪስ ያስቀምጠው፤ ክሩን ከአንገቱ ጋር ልጥፍ አድርጎ ከልብሱ ሥር እንዲያኖረው ይጠይቅ።