አንድ ኮድ በብዙ ፕሮሰሰር ላይ፦ የድምፅ ሶፍትዌርን ስለ ማጠናቀር ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ አራት ኪሎ በምንሰባሰብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ክፍት ምንጭ የድምፅ ሶፍትዌሮችን ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች ስለ ማጠናቀር፣ በዕለት ንግግራችን «ኮምፓይል ማድረግ» ስለምንለው፣ ሰው የጻፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ፕሮግራም ስለሚቀይረው ሥራ፣ አባላት የፈለጉትን እንዲጠይቁኝ ተደርጎ ነበር። ከስቱዲዮ ባለሙያዎች፣ ከተማሪዎችና የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ከሚገለብጡ ሰዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ጽፌአለሁ፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ በቃል ያሳጠርኳቸውንም አስፋፍቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተጠናቅሮ የተዘጋጀ ፕሮግራም እያለ ለምን ራሳችን እንደክማለን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መድከም አያስፈልግም። ላፕቶፕዎ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነና ፍላጎትዎ ኦዳሲቲን ወይም አርዶርን የመሰለ የድምፅ መቅረጫና ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ መሥራት ብቻ ከሆነ፣ የሊኑክስ ሥርጭትዎ ያዘጋጀውን ይጫኑና የተረፈውን ጊዜ ለቀረጻው ያውሉት። ማጠናቀር ግድ የሚሆነው ለያዙት መሣሪያ የተዘጋጀ ነገር ሲጠፋ፣ የታረመ ስሕተት ገና ወደ ሥርጭቱ ሳይገባ ሲቆይ ወይም ኮዱን ራስዎ ሲያሻሽሉት ነው።

ጥያቄ፦ (ከካዛንቺስ የመጡ የስቱዲዮ ባለሙያ) አንድ የማሚቶ ፕለጊን (በድምፅ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) በራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ፣ በዚያች ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ሳጠናቅር፣ ገና በመጀመሪያው ፋይል ላይ አጠናቃሪው «ይህን አማራጭ አላውቀውም» ብሎ ቆመ። ላፕቶፔ ላይ ግን ያለ ምንም ችግር ተጠናቅሯል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ሜክፋይሉን፣ ማለትም የማጠናቀሩን ትእዛዞች የያዘውን ፋይል፣ የጻፈው ሰው ነው፤ ክፋት ግን የለበትም፣ ከፊቱ የነበረው የኮምፒውተር ዓይነት አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ፋይሉን ከፍተው «ኤስኤስኢ» የሚል ስም ያለባቸውን አማራጮች ይፈልጉ። ኤስኤስኢ ኢንቴል በ1999 ከፔንቲየም 3 ጋር ያወጣው፣ አራት ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ የሚያሰላ የመመሪያዎች ስብስብ ነው፤ በራስፕቤሪ ፓይና በስልኮች ውስጥ ያለው የፕሮሰሰር ዓይነት፣ አርም፣ ለዚሁ ሥራ ኒዮን የተባለ የራሱ ስብስብ አለው። ስሙ የሚገኘው በሜክፋይሉ ውስጥ ብቻ ከሆነ መስመሩን አጥፍተው ይቀጥሉ። ባለ 64 ቢት አርም ላይ ኒዮን አብሮ የሚመጣ ስለሆነ በምትኩ ምንም መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ባለ 32 ቢት ላይ ግን ኒዮንን በስሙ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢንቴል መመሪያዎች ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ከሆነ፣ ደራሲው በጎን ያስቀመጠው በተራ የሲ ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ የኤስኤስኢ ትእዛዞችን ወደ ኒዮን የሚተረጉመው «ኤስኤስኢ ቱ ኒዮን» የተባለው ክፍት ምንጭ ፋይል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህን የሚመስል ሌላም መሰናክል አለ። ዕድሜ ጠገብ ፕሮጀክቶች «ኮንፊግ ጌስ» እና «ኮንፊግ ሰብ» የተባሉ የማሽኑን ዓይነት የሚለዩ ሁለት ፋይሎች ይዘው ይመጣሉ፤ ፋይሎቹ የተጻፉት ባለ 64 ቢት አርም ከመታወቁ በፊት ከሆነ «ማሽኑን አላወቅሁትም» ብለው ያቆሙዎታል። በኮምፒውተርዎ ላይ ካለው አውቶሜክ (ሜክፋይሎችን የሚያዘጋጅ መሣሪያ) አዲሶቹን ቅጂዎች አምጥተው በአሮጌዎቹ ቦታ ይተኩ። ኮዱ ራሱ በዚህ ምክንያት አይነካም።

ጥያቄ፦ «ለአርም» ተብሎ የተዘጋጀው ፕሮግራም በጓደኛዬ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ በእኔ የመጀመሪያዋ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ግን አልሠራም አለ። አርም ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በ2012 የወጣችው የመጀመሪያዋ ራስፕቤሪ ፓይ የአርም ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው ያላት፤ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት «አርም ኤች ኤፍ» በሚል ስም የሚያዘጋጃቸው ፓኬጆች ግን ከሰባተኛው ትውልድ በታች አይወርዱም። ራስፕቢያን የተፈጠረውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ በጎ ፈቃደኞች የደቢያንን ፓኬጆች ለስድስተኛው ትውልድ እንደገና አጠናቅረዋቸዋል። አንድ ወጥመድ ላንሳልዎት፦ የማሽኑን ዓይነት ለማወቅ የሚጠየቀው ዩኔም የተባለው ትእዛዝ የሚናገረው ስለ ከርነሉ (ስለ ሥርዓተ ክወናው እምብርት) ነው። ከርነሉ ባለ 64 ቢት ሆኖ በላዩ ያሉት ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች ባለ 32 ቢት የሆኑበት ሥርዓት ብዙ ስለሆነ፣ «ፋይል» በተባለው ትእዛዝ ከተጫኑት ፕሮግራሞች አንዱን መርምረው እውነቱን ይወቁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ያጠናቀርኩትን ፕሮግራም ከመርካቶ ወደገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ወስጄ ስከፍተው «ሕገ ወጥ መመሪያ» ብሎ ወዲያው ይዘጋል። ሁለቱም ኢንቴል ናቸው።

መልስ፦ ሲያጠናቅሩ «ማርች ኔቲቭ» የሚለውን አማራጭ ተጠቅመዋል ብዬ እገምታለሁ። ትርጉሙ «ይህ ማሽን የሚያውቀውን ሁሉ ተጠቀም» ማለት ነው፤ ላፕቶፕዎ በ2013 ሃዝዌል ከተባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር የመጣውን የመመሪያዎች ስብስብ፣ ኤቪኤክስ 2ን፣ ያውቃል፣ ዴስክቶፕዎ አያውቀውም። አማራጩን አንስተው እንደገና ያጠናቅሩ። ፍጥነት ይጎድልብኛል ብለው አይስጉ፤ እንደ ኤፍኤፍኤምፔግ (ድምፅና ቪዲዮ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይር) ያሉ ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን በሥራ ሰዓት ጠይቀው የሚስማማውን ቅጂ ራሳቸው ይመርጣሉ። ይህ የሚሆነው ግን ፕሮግራሙ ሲጠናቀር ናዝም የተባለው አሰምብለር (በፕሮሰሰሩ የራሱ መመሪያዎች የተጻፈውን ክፍል የሚያጠናቅረው) በኮምፒውተሩ ላይ ከነበረ ነው። ናዝም ሲጠፋ የኤፍኤፍኤምፔግ ዝግጅት ያንን ተናግሮ ይቆማል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ክፍል በሚያጠፋው አማራጭ ያልፈውና በኋላ «ምን ነካው፣ ዘገየብኝ» ይላል።

ጥያቄ፦ በአርም ሰሌዳ ስቀዳ አልፎ አልፎ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይገባል፤ በላፕቶፔ ግን በዚያው ኮድ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ባፈሩን (ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን ሚሞሪ) ባሳድገውም አልጠፋም።

መልስ፦ ባፈሩን ማሳደግዎ ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። 256 ናሙና (በየቅጽበቱ የተለካ የድምፅ መጠን) የሚይዝ ባፈር በ48000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48000 ናሙና ሲቀዳ፣ 5.3 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ጊዜ ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩ በዚያ ጊዜ ካልጨረሰ ድምፁ ይቆረጣል፣ ባፈሩ ሲሰፋም ችግሩ ይቀላል። የእርስዎ አልቀለለም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ነው። እኔንም ገጥሞኛል።

ባለ ዘጠና ደቂቃ ካሴቶች በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ስገለብጥ፣ በአንድ ገጽ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ «ቀጭ» ይል ነበር። መጀመሪያ ካሴቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ከዚያ መብራቱን። ያንኑ ካሴት ደግሜ ስቀዳው ግን ድምፁ ቦታ ቀየረ፤ ካሴት ላይ ያለ ጭረት ቦታ አይቀይርም። ሞገዱን አጉልቼ ስመለከት፣ «ቀጭ» ያለበት ቦታ ከሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ፤ ቁራጩም ከሰከንዶች በፊት ያለፈ ዜማ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥፋተኛው ክብ ባፈሩ፣ ማለትም ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በአሮጌው ላይ የሚጻፍበት ባፈር፣ መሆኑ የገባኝ።

የድምፅ ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው፤ አንዱ ከድምፅ ካርዱ ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ዲስክ ይጽፋል። ተቀባዩ ናሙናዎቹን ክብ ባፈር ውስጥ ያስቀምጥና «እስከዚህ ድረስ ሞልቻለሁ» የሚለውን ቁጥር ያሳድጋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሞሪ ላይ የጻፋቸውን ሁለት ነገሮች ሌላውን ትሬድ ለሚያስኬደው ኮር (የፕሮሰሰሩ ሌላ ማስሊያ ክፍል) የሚያሳየው በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፤ አርም ግን ካልታዘዘ በስተቀር ይህን ቅደም ተከተል የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ዕቃው መጋዘን ሳይደርስ ደረሰኙ ቀድሞ እንደ መድረስ ነው፦ መጋዘን ጠባቂው ደረሰኙን አይቶ ከመደርደሪያው ያነሳል፣ የሚያነሳው ግን የባለፈውን ዙር ዕቃ ነው። መድኃኒቱ ቁጥሩን በ2011ዱ የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ውስጥ የገባው አቶሚክ ዓይነት ማድረግ፣ ቁጥሩን የሚያሳድገው ትሬድ በ«ሪሊዝ»፣ ቁጥሩን የሚያነበው ትሬድ በ«አኳየር» እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ የሚያዝዙ ናቸው። «ቮላታይል» የሚለውን ቃል መለጠፍ አይፈውሰውም፤ ይህ ልማድ በቆዩ ኮዶች ውስጥ በብዛት ስላለ በተለይ ይጠንቀቁ። ኮዱ ለዓመታት ትክክል መስሎ የኖረው ኢንቴል ስሕተቱን ይሸፍንለት ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ (የአምስት ኪሎ ተማሪ) ባለ 8 ቢት አሮጌ ቅጂ የሚያነብ የራሴ ፕሮግራም በአርም ላይ የሚያስጠላ ጩኸት ብቻ ያወጣል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ናሙናውን የያዝሽው «ቻር» በሚለው ዓይነት ነው? ሲ ቋንቋ ይህ ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለውን ለማሽኑ ትቶታል፤ ሊኑክስ በኢንቴል ላይ ይይዛል ይላል፣ በአርም ላይ አይይዝም ይላል። ስለዚህ ‑3 የነበረው ናሙና 253 ሆኖ ይነበብና፣ ከዜሮ በታች የነበረው የሞገዱ ግማሽ በሙሉ ወደ ላይ ይወጣል። የምትፈልጊውን ዓይነት ከነምልክቱ በግልጽ ጻፊው። አጠናቃሪውን በአማራጭ ማስገደድም ይቻላል፣ ግን ኮዱን ነገ ሌላ ሰው ያለ አማራጩ ያጠናቅረዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የክራር ትራክ ላይ ማሚቶ ጨምሬ ሳጫውት ፕሮሰሰሩ እምብዛም አይሠራም፤ ሙዚቃው አልቆ ዝምታ ሲመጣ ግን መቶ በመቶ ይወጣና ሁሉም ነገር ይቆራረጣል። ዝምታ ከሙዚቃ እንዴት ይከብዳል?

መልስ፦ ዝምታው ዝምታ ስላልሆነ ነው። የማሚቶ አልጎሪዝም የራሱን ውጤት እየቀነሰ መልሶ ለራሱ ይመግባል፤ የክራሩ የመጨረሻ ክር ከተመታ በኋላ ቁጥሩ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ቶሎ ዜሮ አይሆንም። ባለ 32 ቢት ፍሎት ቁጥር ከነጥቡ በኋላ 37 ዜሮዎች እስኪደረደሩ ድረስ እንደ ማንኛውም ቁጥር ይሰላል፤ ከዚያ ሲያንስ «ዲኖርማል» ይባልና ብዙ ፕሮሰሰሮች በዘገምተኛ ልዩ መንገድ ያሰሉታል። የኢንቴል ፕሮሰሰር እነዚህን እንደ ዜሮ እንዲቆጥር የሚያዝዙ ሁለት ቢቶች አሉ፤ የድምፅ ፕሮግራሞች ሲነሡ እነርሱን ያበራሉ። በአርም ላይ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፦ ባለ 32 ቢቱ ኒዮን ያለ ትእዛዝም ወደ ዜሮ ያወርዳቸዋል፣ ባለ 64 ቢቱ ደግሞ በሌላ ሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ ያለ ቢት እንዲበራ ይጠብቃል። ደራሲው የኢንቴሉን ትእዛዝ ብቻ ጽፎ «ሌላ ማሽን ከሆነ እለፈው» ካለ፣ ኮድዎ በሰላም ይጠናቀራል፣ ጥበቃው ግን አብሮት አይሄድም።

ጥያቄ፦ በሰሌዳዋ ላይ ላጠናቅር ወይስ በላፕቶፕ ላይ ለሰሌዳዋ?

መልስ፦ ፕሮጀክቱ ትንሽ ከሆነ እዚያው ሰሌዳዋ ላይ ያጠናቅሩ፤ ጣጣው ያነሰ ነው። 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ባላት ሰሌዳ ላይ አራት ሥራ በአንዴ ማስኬድ ግን አጠናቃሪውን ያስገድለዋል፤ «ተገደለ» የሚል ቃል ካዩ ኮዱን አይውቀሱ፣ ወደ አንድ ሥራ ይቀንሱ። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ሜክ (በሜክፋይሉ መሠረት ማጠናቀሩን የሚያስኬደው ትእዛዝ) ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሆኖም ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ዜሮ ባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ሜክ ደግሞ የፋይሉን ሰዓት እንጂ መጠኑን ስለማያይ ያለቀ ይመስለዋል። ከመቀጠልዎ በፊት ዜሮ ባይት የሆኑትን ፈልገው ያጥፉ። እንደ አርዶር ላለ ትልቅ ፕሮግራም ላፕቶፑን ይምረጡ፤ እዚያም ፒኬጂ ኮንፊግ (ላይብረሪዎች የት እንዳሉ ለአጠናቃሪው የሚነግር መሣሪያ) የላፕቶፑን ላይብረሪዎች ለሰሌዳዋ ናቸው ብሎ እንዳያቀርብልዎ የሚፈልግበትን አቃፊ ራስዎ ይወስኑለት።

ጥያቄ፦ ስለ ስልክና ስለ ሪስክ ፋይቭስ?

መልስ፦ አንድሮይድ አራት ዓይነት ይደግፋል፦ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት አርም፣ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ኢንቴል፤ በተግባር ግን ሰው እጅ ላይ ያለው አርም ነው። ሪስክ ፋይቭ የተባለው ክፍት የፕሮሰሰር ዓይነት በ2025 በወጣው ደቢያን 13 ውስጥ በይፋ ገብቷል፤ ለመማር ጥሩ ነው፣ ስቱዲዮዬን ግን ገና አላምነውም።

ጥያቄ፦ ተጠናቅሮ ሲያልቅ በትክክል መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አንዱን ፋይል በሁለቱም ማሽኖች ላይ በተመሳሳይ ቅንብር ያሳልፉ፤ የአንዱን ውጤት ምልክት ገልብጠው (ፕላሱን ማይነስ፣ ማይነሱን ፕላስ አድርገው) ከሌላው ጋር ይደምሩ፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ተጠፋፍተው ቀሪው ዜሮ ይሆናል። የተጨመረ ዲተር (ሆን ተብሎ የሚጨመር በጣም ትንሽ ጫጫታ) ካለ ያጥፉት፤ እርሱ በባሕርዩ ዘፈቀዳዊ ስለሆነ ሁለቱ በፍጹም አይገጥሙም። ቀሪው ፍጹም ዜሮ ካልሆነ ወዲያው አይደንግጡ፤ ጂሲሲ የተባለው አጠናቃሪ በባለ 64 ቢት አርም ላይ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ አጣምሮ አንዴ ብቻ ስለሚያጠጋጋ የመጨረሻዎቹ ቢቶች ይለያያሉ። የ16 ቢት ፋይል ትንሿ እርምጃ ከሙሉው መጠን 90 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ ቀሪው ከእርሷ በጣም በታች ከሆነ ጆሮ የሚለየው ነገር የለም። ቀሪው ውስጥ ዜማው ራሱ ከተሰማዎት ግን ለደንበኛ ከመስጠትዎ በፊት ኮዱን እንደገና ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ያጠናቀርኩትን ኦዳሲቲ በፍላሽ ጭኜ ብሸጥ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ ፈቃዱ ጂፒኤል የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው። የሚገዛዎ ሰው ግን ምንጭ ኮዱን የማግኘት መብት አለው፦ ሜክፋይሉ ላይ ያጠፏቸው መስመሮችና ያጠናቀሩበት ስክሪፕት ጭምር። በአንድ ፍላሽ ላይ ፕሮግራሙንም ኮዱንም ይጫኑለት፤ ቦታው ይበቃል።