ከኮሎምቢያ የሚመጣ ወላጅ አልባ ልጅ በጾመ ነቢያት ቤታችን ቢያርፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ፕሮቴስታንት የሆኑ የሥራ ባልደረቦቼ በአንድ ክርስቲያናዊ አገልግሎት በኩል ወላጅ አልባ ልጆችን ከኮሎምቢያ እያስመጡ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ለአራት ሳምንት በየቤቱ ያሳርፋሉ። እኔም በበጎ ፈቃድ እንዳግዝ፣ ከቻልኩም አንድ ልጅ እንድቀበል ጠይቀውኛል። ከእነርሱ ጋር ማገልገል ከሃይማኖቴ ጋር ያጋጨኛል? ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ልጁን ላስጹመው? ቤተ ክርስቲያን ልውሰደው? ወጪውንስ ከአሥራቴ ብሸፍን? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ማርያም፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ብዙ አያስጨንቅም። በአምልኮ መተባበር ሌላ፣ የተቸገረን አብሮ መርዳት ሌላ ነው። አይሁድና ሳምራውያን በአምልኮ አይገናኙም ነበር፤ ሳምራዊው ግን የወደቀውን ሰው ቁስል ሲያስር ሕዝቡ ስለሚሰግድበት ስለ ገሪዛን ተራራ አልተከራከረም። መጠንቀቅ ያለብዎት ማመልከቻው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የእምነት መግለጫ አብሮ ይቀርባልና እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የማያምኑበት ቃል ካለ ለማለፍ ብለው አይፈርሙ። «ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ፤ ይህን አልፈርምም፤ ምግብ ማብሰልና ልጆች ማመላለስ ግን እችላለሁ» ይበሏቸው። ካልተቀበሉም በሰላም ይለያዩ።

በመጀመሪያው ዓመት ልጅ ባይቀበሉ እመርጣለሁ። ኤርፖርት ሄዶ መቀበል፣ ሌላው ቤተሰብ እንዲያርፍ ለጥቂት ሰዓት ልጁን መጠበቅ፣ የክረምት ካፖርትና ጫማ ማሰባሰብ፣ ስፓኒሽ የሚችል ሰው ማፈላለግ፣ ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው። ባለቤትዎ በሙሉ ልቡ ካልተስማማ ደግሞ ነገሩ አይጀመር።

ልንቀበል ካላችሁ የእኛ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርዎ። በቤቱ የሚያድር 18 ዓመት የሞላው ሁሉ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም አሻራ ይሰጣል። ቤዝመንት የተከራየው ደባል፣ ለመጠየቅ የመጡት አክስት፣ ሥራ እስኪያገኝ ሶፋ ላይ የሚተኛው የአጎት ልጅ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። «እሱ እኮ ቤተሰብ ነው» ተብሎ ሳይነገር ቀርቶ ሶሻል ወርከሯ ቤቱን ስታይ ፍራሹን ካገኘችው፣ ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል፤ ቢወድቅም አይፈረድባትም። ልጁን «አንዴ ልመለስ» ብሎ ጎረቤት ጋ ጣል ማድረግም የለም። ያልተመረመረ አዋቂ ብቻውን አብሮት መቆየት የለበትም።

ስለ ጾሙ ስንመጣ፣ አያስጹሙት። በእኛ ሥርዓት ከ7 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ጾም ይለምዳል፤ ይህ ልጅ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አይደለም፣ አሳዳጊውም እርስዎ አይደሉም። ምግብ አጥቶ ያደገ ከሆነ ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይ» ማለት የድሮውን ረሃብ መቀስቀስ ነው። እርስዎ ይጹሙ፣ ለእርሱ ግን እንቁላል ይጥበሱ፤ መጥበስ ጾም አያስገድፍም። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን እንደሆነ ሲናገር፣ እንጀራን ለተራበ መቍረስንና ስደተኛውን ድሃ ወደ ቤት ማስገባትን ነው የጠቀሰው። ለሚጾሙት ልጆችዎ ይህን አስቀድመው ያስረዷቸው፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን «ለእሱ ለምን ወተት ተሰጠው?» የሚል ጸብ ይነሣል።

ደስ የሚለው፣ ሩዝ በቦሎቄ ለእርሱ የአገሩ ምግብ፣ ለእርስዎ የጾም ምግብ ነው። አንድ ድስት ሠርተው የእርሱ ሳህን ላይ እንቁላል ወይም ዶሮ መጨመር ነው። ኮሎምቢያውያን የሚያቃጥል ምግብ ብዙም አይለምዱምና በርበሬውን ለብቻ ያድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስኪያመው ሊበላ፣ ወይም ዳቦ ትራስ ሥር ሊደብቅ ይችላል። አይቆጡት፣ ፊቱ ላይም አያውጡበት። ሙዝና ዳቦ በሳህን አድርገው አልጋው አጠገብ ያስቀምጡና «ይህ ያንተ ነው፤ ሲያልቅ እንሞላዋለን» ይበሉት። እንዳሉትም ይሙሉት። ጉርሻም ይቆየው። ፍቅር መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፤ በአዋቂ እጅ የተጎዳ ልጅ ግን ጣት ወደ አፉ ሲመጣ ሊደነግጥ ይችላል። ቅዳሜ ቤት የሚሞላው እንግዳ ሁሉ ጉንጩን እንዳይስመውም አስቀድመው ይንገሩ።

በአገሩ ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ዘጠኝ ሌሊት እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ትልቁ ማዕድና ስጦታው የሚሆነው በ24ኛው ሌሊት ነው። ለእኛ ያ ቀን ታኅሣሥ 15፣ ጾም ነው። ያችን ሌሊት አይንፈጉት። ያብስሉለት፣ ስጦታውን ይስጡት፤ እርስዎ ባይበሉም አጠገቡ ይቀመጡ። ታኅሣሥ 29 ደግሞ ዶሮውን አብሯችሁ ይበላል።

ቤተ ክርስቲያን መውሰድ የሚቻለው አገልግሎቱ ሲፈቅድና ልጁም ሲወድ ነው። ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁም አይባልም፤ የልጆች መዝሙር ባለበት ሰዓት ይውሰዱት። ጫማ ለምን እንደምናወልቅ በር ላይ ሳይደርስ ይንገሩት። ቅዱስ ቍርባን ለእርሱ አይሆንም። በስልክ የሚቀርጹትንና በቀጥታ የሚያስተላልፉትን ደግሞ ፊቱን እንዳያሳዩ ይለምኗቸው። ሌሊት ሲጮኽ ወይም ዕቃ ሲወረውር «መንፈስ ነው፤ ጠበል ይግባ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይስሙት! የሰው አደራ የሆነን ልጅ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ጠበል ማስገባት በደል ነው። ጩኸቱም በአብዛኛው ፍርሃትና ሐዘን ነው። መብራት ያብሩ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ሲነጋ ለአገልግሎቱ አስተባባሪ ይደውሉ።

አሥራትን በተመለከተ፣ ዘዳግም 14፥28-29 በሦስተኛው ዓመት አሥራት ከሌዋዊው ጋር መጻተኛው፣ ወላጅ የሌለው ልጅና መበለቲቱ እንዲጠግቡ ያዝዛል። ስለዚህ አሳብዎ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም። ሆኖም አሥራት የሚገባው ለቤተ ክርስቲያን ነውና በራስዎ ሥልጣን አያዙሩት፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። የማስተናገጃው ክፍያ ለአንድ ልጅ ጥቂት ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላልና ከምጽዋት ድርሻ ቀስ በቀስ ማጠራቀሙ ይሻላል። ከመክፈልዎ በፊት የአገልግሎቱን የግብር ነፃነት ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ደረሰኝም ይያዙ።

ያልጠየቁኝ ነገር ግን ከአራቱም ይከብዳል። ልጁ ገና በሁለተኛው ቀን «እማማ» ሊልዎ ይችላል። ያን ጊዜ «ልጄ ነህ፤ እናስቀርሃለን» የሚል ቃል ካመለጠዎት አራት ሳምንቱ ተበላሸ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በዕድሜ ከፍ ያሉ ወይም ከወንድምና ከእኅት ጋር ያሉ በመሆናቸው በአገራቸው ቤተሰብ ያላገኙ ናቸው። ጉዞው ምን ተስፋ እንዳለበት ስለሚገባቸው ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ይጠነቀቃሉ። ልጁ የመጣው በጉብኝት ቪዛ ነው። ኮሎምቢያም አሜሪካም የ1993ቱ የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት አባል ናቸውና ጉዲፈቻ የሚታሰበው ልጁ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በመንግሥት ተቋምና በተፈቀደለት ድርጅት በኩል ብቻ ነው። አሳቡ ካላችሁ ለአስተባባሪዋ ይንገሩ፤ ለልጁም ለልጆችዎም አይንገሩ። «የአገራችንን ልጆች ለምን አያመጡም?» ለሚልዎም መልሱ አጭር ነው፦ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻን ከልክላለች።

ያዕቆብ በመልእክቱ ወላጆች የሌላቸውን ልጆች በመከራቸው «መጠየቅ» ነው ያለው። በአማርኛችን የታመመን የምንጠይቅ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥተን የምንሄድ ነን፤ ጠያቂ የማይችለውን አይምልም።

የመሄጃው ሳምንት ሲደርስ ሻንጣውን አብራችሁ አዘጋጁ። አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነውና ቤት ውስጥ ይመዝኑት። ልብስና ጫማ ልኩንም አንድ ቁጥር የሚተልቀውንም ይክተቱ። ውድ ስልክ አይስጡት፤ ብዙ ልጆች በሚያድሩበት ቤት ሊነጠቅ ወይም ሊያጣላው ይችላል። የታተሙ ፎቶዎች በትንሽ አልበም፣ ከሥራቸው ስም ተጽፎባቸው፣ ይበቃሉ። ስልክ ቁጥርዎን ኪሱ ውስጥ አይጨምሩ፤ ደብዳቤ በአገልግሎቱ በኩል ይላካል።