ከታች የሚያፈስ ታንክ፣ ከላይ የሚገባ አየር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ኮይሉንና ጥጡን ራሴ የምቀይርበት፣ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አንድ ኮይል (ፈሳሹን የሚያተነው የሚግል ሽቦ) የቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ታንክ ገዝቼ ነበር። በሞላሁት ቁጥር ከአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ያንጠባጥባል። ማታ አስቀምጬው ጠዋት ሳነሳው የባትሪው ሳጥን አናት በፈሳሽ ርሷል። ጥጥ ብጨምርበት ባሰበት፤ አሁን ጭራሽ የተቃጠለ ጥጥ ይሸተኛል። ኮይሉ 26 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት ቁጥር) ካንታል የሚባል የማሞቂያ ሽቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ 6 ዙር ነው። ፈሳሹ 50/50 ነው፤ ግማሹ ወፍራሙ ቪጂ (ግሊሰሪን)፣ ግማሹ ቀጭኑ ፒጂ (ፕሮፒሊን ግላይኮል)። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ፦ በቅድሚያ ጥጥ መጨመሩን ይተዉት። ማፍሰስና መቃጠል የማይገናኙ ችግሮች ቢመስሉም እርስዎ ዘንድ ሁለቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከታች እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ፈሳሹን ታንኩ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው ጥጡ ብቻ ይመስለዋል።

ከታች የተበሳ ሃይላንድ ለእጅ መታጠቢያ ተሰቅሎ አይተው ይሆናል። ክዳኑ ጥብቅ ሲል ውሃው ይቆማል፣ ላላ ሲል ይወርዳል። የእርስዎም ታንክ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ግፊቱ ከውጭው ትንሽ ዝቅ ስለሚል ፈሳሹ ወደ ታች እንዳይወርድ ይዞታል። ሲስቡ ኮይሉ ጥጡ ላይ ያለውን ፈሳሽ ያተናል፣ ጥጡ ከታንኩ ሌላ ይጠጣል፣ በምትኩም ትንንሽ አረፋዎች በጥጡ በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ። ወዲያው የራሰው ጥጥ ፈሳሹ ከታንኩ ወደ ኮይሉ የሚያልፍበትን መተላለፊያ መልሶ ይደፍነዋል። እንግዲህ ከታች የሚያፈስ ታንክ ሲገጥመን የምንጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ከላይ አየር እየገባ ነው፣ ወይ ታች ያለው ጥጥ መተላለፊያውን አልደፈነም።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ታንኩን ፈታተው በሞቀ ውሃ ይጠቡት። ጥጡን አውጥተው ባዶውን መልሰው ይግጠሙ፤ ከባትሪው ጋር ግን አያገናኙት። የአየር ቀለበቱን (ታች ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋውን) ዘግተው የላይኛው ክዳን እስኪሸፈን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ የሚሳብበት አፍ ብቻ ከውሃው በላይ ይቅር፤ ከዚያ በቀስታ ይንፉበት። ከታች ከአየር ቀለበቱ የሚወጣውን አረፋ አይቁጠሩት፣ ቀለበቱ አየር እንዳያሳልፍ ሆኖ የተሠራ አይደለም። የሚፈለገው ከላይኛው ክዳንና ከመስታወቱ ሁለት ጠርዞች የሚወጣ አረፋ ነው። እዚያ አረፋ ካዩ ጥጡን ቢያሳምሩትም ባያሳምሩትም ታንኩ ያፈሳል።

የዚህ ጥፋተኛ አብዛኛውን ጊዜ ጎሚኒው፣ ማለትም አየርና ፈሳሽ እንዳያልፍ መጋጠሚያው ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት፣ ነው። አውጥተው በጣትዎ መካከል ቢያንከባልሉት የተሰነጠቀ፣ የተጠማዘዘ ወይም ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ ይታይዎታል። አዲስ ታንክ ላይ ደግሞ የተለመደው ሲገጠም መታጠፉ ነው፤ መስታወቱ በደረቅ ጎሚኒ ላይ ሲገፋ ይቆነጥጠዋል። ከመግጠምዎ በፊት በራሱ በፈሳሹ አንድ ጠብታ ያርጥቡት፣ ከዚያ መስታወቱን እያዞሩ ያስገቡት። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት አይንካው። አንዳንዱን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ዘይት ሞቆ ሳንባ ሲገባ ጉዳት ማድረሱ ነው። የመስታወቱንም ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ፣ ከተሸረፈ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። መለዋወጫ ጎሚኒዎች ከታንኩ ጋር በትንሽ ላስቲክ ይመጣሉ፤ ሰው ካርቶኑን ሲጥል አብሮ ይጥላቸዋል።

አሁን ወደ ጥጡ። እንደ ጥያቄዎ ከሆነ ዋናው ችግር እዚህ ይመስለኛል። ጥጥ ሲጨምሩ ኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ይታፈንና ፈሳሽ እንደ ልቡ አይመላለስበትም፣ መሃሉ ደርቆ ይቃጠላል። ያው የተጨናነቀው ጥጥ ከኮይሉ ሲወጣ እንደ ገመድ ክብ ሆኖ ይወርዳል። የፈሳሹ መተላለፊያ ግን ክብ ሳይሆን ሰፊና ባለ ማዕዘን ነው። ገመዱ መሃሉን ይሞላዋል፣ ማዕዘኖቹ ክፍት ይቀራሉ፣ ፈሳሹም በማዕዘኖቹ በኩል ጥጡን ሳይነካ ታች ወዳለው የአየር ቀዳዳ ይፈሳል። ኮይሉ ተጠምቶ ሳጥኑ የሚርሰው ለዚህ ነው።

ጥጡን ኮይሉ ውስጥ ሲጎትቱት ትንሽ ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። ኮይሉን ከቦታው ካንቀሳቀሰው ወይም ዙሮቹን ካላቀቃቸው በዝቷል፤ ምንም ሳይዝ ሸርተት ካለም አንሷል። ካለፈ በኋላ ሁለቱን ጅራቶች በቀጥታ ወደ ጎን ዘርግተው ኮይሉ ከተቀመጠበት መድረክ የውጭ ጠርዝ እኩል ይቁረጧቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ጅራት በመርፌ ወይም በወረንጦ ጫፍ ያበጥሩት፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይሰፋል። ከስሩ በኩል ሲሶ ያህሉን ነቅለው ያውጡና ያሳሱት። አሁን ወደ መተላለፊያው ሲያጥፉት ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል፣ ነገር ግን አልተጠቀጠቀም። በወረንጦ ወደ ታች አይድፉት፤ ጫፉ ወለሉን ነካ ካደረገ ይበቃል። በስልክ መብራት ከላይ አብርተው አራቱንም ማዕዘኖች ይዩ። ክፍተት የታየበት ማዕዘን ካለ ሌላ ጥጥ አይጨምሩ፣ ያንኑ ጅራት ወደዚያ ሳብ አድርገው ያስተካክሉት።

ከመዝጋትዎ በፊት ጥጡን ያርሱት። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ድረስ ኮይሉም ላይ ጅራቶቹም ላይ ያንጠባጥቡ። ደረቅ ጥጥ ምንም ነገር አይደፍንም፤ ታንክ በመጀመሪያው ሙሌት ላይ የሚዘረገፈው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

የኮይሉ ልክ ጥሩ ነው። ያሉት ሽቦ በ6 ዙር ወደ 0.8 ኦም ይሰጣል፣ 25 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። ከአየር ቀዳዳው በላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሃል ላይ ይቀመጥ። ብሎኖቹ በደንብ ይጥበቁ፣ ትርፍ ሽቦው ጭሱ ወደ አፍ የሚወጣበትን የመሃል ቱቦ (ጭስ መውጫውን) እንዳይነካ ከሥሩ ይቆረጥ፣ አለበለዚያ ሾርት ያደርጋል። የኦም ንባቡ ባበሩት ቁጥር ከተለዋወጠ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው።

ፈሳሹን ግን ይቀይሩ። 50/50 ቀጭን ነው፤ የሚስማማው መተላለፊያቸው ጠባብ ለሆነ፣ እንደ ሲጋራ ቀስ ተብሎ ለሚሳብባቸው ትንንሽ ታንኮች ነው። በእርስዎ ሰፊ መተላለፊያ 70 ቪጂ 30 ፒጂ ይሻላል። ሙቀትም ያቀጥነዋል፦ በበጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ታንክ ምንም ባይጎድለው እንኳ ሊያፈስ ይችላል።

የመሙላት ቅደም ተከተል ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። የአየር ቀለበቱን አስቀድመው ይዝጉ። ክዳኑን ከፍተው ፈሳሹን በጎን በኩል ይጨምሩ፣ መሃል ወዳለው ጭስ መውጫ አንድም ጠብታ አይግባ፤ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ይተዉ። ክዳኑን ሲያጠብቁ የታፈነው አየር ፈሳሹን በጥጡ በኩል ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ክዳኑ እንደገጠመ ታንኩን ዘቅዝቀው ይያዙት፣ እንደተዘቀዘቀ የአየር ቀለበቱን ይክፈቱ። አየሩ ወደ ላይ ወደ ጥጡ በኩል ስለሚሆን ግፊቱ የሚወጣው በአየር ነው፣ ፈሳሹ ይቀራል። ቀና አድርገው 10 ደቂቃ ያቁሙትና ከዚያ ይሳቡ። ክዳኑን ከፍተው የአየር ቀለበቱን ከረሱት፣ ላላ ያለው ሃይላንድ ሆነ ማለት ነው፤ የሚፈሰው እዚያው እጅዎ ላይ ነው።

አሳሳብዎም ያፈሳል። የአየር ቀለበቱን አጥብበው በኃይል ከሳቡ፣ ኮይሉ ሊያተን ከሚችለው በላይ ፈሳሽ ይጎተታል፤ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል ከ15 ዋት በታች ከሆነም እንዲሁ። ምልክቱ ሲስቡ ጉርጉር የሚል ድምፅ ነው። ያኔ ቀዳዳዎቹን በሶፍት ሸፍነው በአፉ በኩል አንዴ ነፋ ያድርጉበት፣ የተጠራቀመው ሶፍቱ ላይ ይወጣል።

ከአየር ቀለበቱ ሥር ቀጭን እርጥበት ብቻ ካዩ ግን አይደናገጡ፣ ያ የቀዘቀዘ ጭስ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ማታ የፈሳሹን ልክ በስኮች ምልክት ያድርጉበት፤ ጠዋት ካልወረደ አላፈሰሰም። ከቀለበቱ ሳይሆን ከታች ከባትሪው ጋር ከምትገናኘው መሃለኛዋ ፒን ዙሪያ ብቻ ከሆነ የሚወጣው፣ ፒኗን በካቻቢቴ ትንሽ ጠበቅ ያድርጓት፣ ዙሪያዋ ያለውንም ማገጃ ጎሚኒ ይመልከቱ። የባትሪውን ሳጥን መግጠሚያ ሁልጊዜ ያድርቁት፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ቦርዱን ያበላሸዋል። ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ቆዳዎ ላይ ከደረሰ በሳሙና ይታጠቡ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ጠርሙሱ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይሁን።

አውሮፕላን ላይ ከወጡ ደግሞ ደህናው ታንክም ያፈሳል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ቨርጂኒያ ላይ የታፈነ 2 ሚሊ ሊትር አየር እዚያ ወደ 2.7 ሚሊ ሊትር ሊጠጋ ይፈልጋል፣ ቦታ የሚያገኘውም ፈሳሹን ገፍቶ በማስወጣት ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ታንኩን ባዶ ያድርጉት። በአሜሪካ ደንብ መሣሪያው የሚያዘው ከእርስዎ ጋር ካቢን ውስጥ ነው እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይደለም። ጉዞዎ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ግን እቤት ይተዉት፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እነዚህን መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል።