መልስ፦ አክሪሊክ በድሬ ሙቀት ቶሎ ሲደርቅ

በአክሪሊክ (በውሃ በሚበጠበጥ የሥዕል ቀለም) ሰማይ ስትቀቢ በሙቀቱ ቶሎ እየደረቀ እንዳስቸገረሽ ጠይቀሽኛል። የሥዕሉን ሰማይ ከመጀመርሽ በፊት ሸራውን በስፖንጅ አርጥቢው፤ እስኪንጠባጠብ ሳይሆን እስኪወዛ። «ቀለሙ ሳላዋህደው ይደርቅና መስመር መስመር ይሠራል» ያልሽው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይፈታል። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው። ደረቅ ሸራ ውሃውን ይመጠዋል፣ የቀረውን የድሬ ሙቀት ይጨርሰዋል።

ከዚያ፦

1. የሰማዩን ቀለሞች ሁሉ ብሩሽ ሳታነሺ በፊት በብዛት በጥብጪ። እየቀባሽ ከበጠበጥሽ ዘግይተሻል።

2. ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ቀለሙን እዚያ ላይ አድርጊ። ከድነሽ ብታሳድሪው ነገም ይሠራል።

3. በትልቅ ብሩሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ቬንቲሌተሩን ከሸራው አዙሪው።

እኔም የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ እጄን ያፍታታሁት ከዚራ አካባቢ የሱቅ ሰሌዳ በመጻፍ ነው። ሰሌዳ ፀሐይ ላይ ስለሚሠራ ሰዓት መምረጥን ያስተምራል። ዛሬም ሰማይ የምቀባው ከንጋት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ እንዳይደርቅ ብለሽ ቀለሙ ላይ ውሃ አታብዢ። የመጀመሪያውን የጀጎል ግንብ ሥዕሌን እንደዚያ አቅጥኜ ሠራሁት። ከወራት በኋላ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ግንቡ አብሮ ተነሣ፤ በጣም አዘንኩ። ቀለሙን ከሸራው የሚይዘው ማጣበቂያ በውሃ ብዛት ሳስቶ ነው። ማቅጠን ካስፈለገሽ የአክሪሊክ ሜዲየም (ቀለም የሌለበት፣ ያው ማጣበቂያ ያለበት ፈሳሽ) ጨምሪ። መድረቂያ ጊዜውን የሚያራዝመውን ሪታርደር ካገኘሽ በጥቂቱ ብቻ፤ ሲበዛ ቀለሙ ለቀናት እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቆያል።