ጊታር ላይ የት ደርሻለሁ ለምትሉ ልጆች

ጊታር የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ እኔ አሁን ምን ደረጃ ላይ ነኝ? ጀማሪ ነኝ ወይስ መካከለኛ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቆመበትን የማያውቅ ሰው ነገ ምን እንደሚለማመድም አያውቅም። ችግሩ ብዙዎቹ መልሱን የሚፈልጉት በማይገኝበት ቦታ መሆኑ ነው። አንዱ ጊታር ከያዘ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይቆጥራል። ሌላው የሚችላቸውን ዘፈኖች ይቆጥራል። ሦስተኛው ቲክቶክ ላይ ያያትን ፈጣን ሶሎ ስለቀዳ ደርሻለሁ ብሎ ያስባል።

እኔ ዕድሜዬን ከጊታር ጋር ነው የኖርኩት። በባንድ፣ በስቱዲዮ፣ በሰርግ፣ ኋላም በማስተማር። እና አጥብቄ የማምነው ነገር ይሄ ነው፤ ደረጃችሁ የሚታወቀው ሌላ ሰው ባለበት፣ ባልተዘጋጃችሁበት ሰዓት ነው። ክፍላችሁን ዘግታችሁ ስትጫወቱ ሲከብዳችሁ ትዘገያላችሁ፣ ሲቀልላችሁ ትፈጥናላችሁ፣ ስትሳሳቱ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። የሚከለክላችሁ የለም። ዘፋኝ ግን አይጠብቅም። ድራመርም አይጠብቅም።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ኤቢአርኤስኤም የሚባል በ1889 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመ የእንግሊዞች የሙዚቃ ፈተና ቦርድ አለ። ክላሲካል ጊታርን ጨምሮ ብዙ መሣሪያዎችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ደረጃ ይፈትናል። በተለመደው የተግባር ፈተናው ጠቅላላ ነጥቡ 150 ነው፤ ማለፊያው 100። ተፈታኙ ወራት የለፋባቸው ሦስት ሥራዎች እያንዳንዳቸው 30 ነጥብ ይይዛሉ። የቀረው ለስኬልና አርፔጂዮ፣ ማለትም የስኬልንና የኮርድን ድምፆች በተራ ለመጫወት፣ 21፣ አይቶት የማያውቀውን ኖታ እዚያው አንብቦ ለመጫወት 21፣ ለጆሮ ፈተና ደግሞ 18 ነው። አሁን ደምሩት። ሦስቱን ሥራዎች ያለ አንዳች ጉድለት ቢጫወት እንኳ የሚያገኘው 90 ነው። አያልፍም! ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ሸምድዶ መጫወትና ሙዚቃ መቻል እንደሚለያዩ በደንብ ገብቷቸዋል።

በእርግጥ ያ ፈተና ስለ ችክችካ ምት አይጠይቃችሁም። ስለ ቅኝትም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ባንድ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ልጅ የኛው ሥራ የሚጠይቀውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ኪይ ነው፤ ዘፈኑ የሚቆምበት መነሻ ድምፅ ማለት ነው። ዘፋኙ ልምምድ ላይ ይመጣና «ዛሬ ጉሮሮዬ ልክ አይደለም፣ ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ይላል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። እናንተ ዘፈኑን በጂ ነው የለመዳችሁት። ክፍት ኮርድ ነው፣ እጃችሁ ለብቻው ይሄዳል። አሁን ኤፍ ሻርፕ ሆነ። ካፖ፣ አንገቱ ላይ ታስሮ ክሮቹን የሚጫነው መቆንጠጫ፣ ደግሞ ድምፅ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። እዚህ ጋ ሰው ይለያል። አንዱ ይደነግጥና ጊታሩን ፈትቶ እንደገና መቃኘት ይጀምራል፤ ባንዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሌላው በባሬ ኮርድ፣ አመልካች ጣቱን በክሮቹ ላይ አጋድሞ እየተጫነ፣ ይቀጥላል፤ እጁ ቢደክምም ዘፈኑን ይጨርሳል። ሦስተኛው ካፖውን 2ኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍል) ላይ ያስርና በኢ ኮርድ ቅርፅ ይገባል፤ ክፍት ድምፁም አይጠፋበትም። ሦስቱም ቤታቸው ሆነው ያንን ዘፈን በጂ እኩል አሳምረው ይጫወቱት ይሆናል። በደረጃ ግን በጣም ይራራቃሉ። እናንተ የትኛው እንደሆናችሁ ለማወቅ ነገ የምትወዱትን አንድ ዘፈን ግማሽ ቶን አውርዳችሁ፣ ሳትቆሙ፣ ጓደኛችሁ እየዘፈነ ሞክሩት።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። አብዛኛው ወጣት ከዩቲዩብ የማይነር ፔንታቶኒክ ቦክስ፣ ማለትም የአንድ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል የጣት ቅርፅ፣ ተምሮ ነው የሚመጣው። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ትዝታ ማይነር ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለቱም በዚያ ቦክስ ውስጥ አይገቡም። ጣት በለመደበት መንገድ ሲሄድ ቅኝቱ ይበላሻል። ራሳችሁን ለመለካት የምመክራችሁ በአንድ ክር ብቻ መጫወትን ነው። ሦስተኛዋን ክር ያዙና ከፈለጋችሁት ድምፅ ተነስታችሁ አንቺሆዬን ወደ ላይ ውጡ፣ ከዚያ ውረዱ። በአንድ ክር ላይ የሚያድናችሁ ቅርፅ የለም። ቀጣዩን ድምፅ በጆሯችሁ ቀድማችሁ ካልሰማችሁት ጣታችሁ አያገኘውም። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ልጅ ሶሎው ቀርፋፋ ቢሆን እንኳ እኔ ጀማሪ አልለውም።

ሦስተኛው ምት ነው፤ ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት ይሄ ነው። ሜትሮኖም፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ በደቂቃ 80 ላይ አድርጋችሁ የምትጫወቱትን ሪትም አሁን 40 ላይ አድርጋችሁ በዚያው ፍጥነት ተጫወቱት። አሁን የምትሰሙት አንድ ምት እየዘለለ ነው። በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ራሳችሁ መሸከም አለባችሁ። ሜትሮኖሙ ሲመለስ ቀድማችሁት ከተገኛችሁ ትቸኩላላችሁ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ይቸኩላል። ችክችካ ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀኝ እጅ ሳያቋርጥ እየተመላለሰ ግራ እጅ ክሩን ሳይለቅ ቀለል ማድረግ አለበት፣ ያቺ «ቸክ» የምትለዋ የታፈነች ድምፅ እንድትመጣ። ሲደክማችሁ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ሁላችሁም ይህን ምክር ሰምታችኋል፤ ግን ወዲያው ነው የምታዳምጡት። ወዲያው ስታዳምጡ የምትሰሙት ልትጫወቱ ያሰባችሁትን ነው። አሳድሩት። በማግስቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ስታልፉ ክፍተት አለ? ኤፍ ኮርድ ላይ ሁለተኛዋ ክር ትሰማለች ወይስ አመልካች ጣታችሁ በደንብ ስላልተጫናት ትንጫጫለች? የመጀመሪያውን ስንኝና የመጨረሻውን አዝማች አከታትላችሁ ክፈቱ፤ ፍጥነታቸው አንድ ነው? ለእነዚህ የምትሰጡት መልስ ጀማሪ፣ መካከለኛ ከሚለው ስም ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል።

ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ልጆችም አሉ፤ ለእነሱ የተለየ ሐዘኔታ አለኝ። አንዲት ልጅ ልትማር መጣች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመዘምራን ጊታር ትጫወታለች። «ጀማሪ ነኝ፣ ሶሎ አልችልም» አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። መዝሙር እየዘመርኩ ተከተይኝ አልኳት። ኪይ አልነገርኳትም። ዝቅ ብላ ቤዝ ክሩን አንዴ ሁለቴ ነካ አድርጋ ድምፄን አገኘችው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሙሉ ኮርዱን ይዛ ነበር። መሀል ላይ ሆን ብዬ ከፍ አደረግሁት። ሳትደናገጥ ተከተለችኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ኪይ ሳይነግራት እየጀመረ ለዓመታት ያስተማራት ነገር ነው። ስንት «ሶሎ እችላለሁ» የሚል ልጅ ይህን አይችልም! ሶሎን በጥቂት ወራት ትይዘዋለች። እሷ ያላትን ጆሮ ግን በጥቂት ወራት ማንም አይገዛውም። ያላትን ስለማታውቅ ባንድ ሲፈልጋት እንኳ አልችልም ብላ ቀርታለች።

ይህ የሚሆነው ጊታር ማለት ሶሎ ማለት ስለሚመስለን ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምን አዳምጡት። ክራርን የሚያስታውስ አጨዋወት አለው፣ ሶሎም ያውቃል። እናንተ ግን ዘፋኙ እየዘፈነ ሳለ ጊታሩ ምን እንደሚሠራ ብቻ ተከተሉ። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚተው። ከዚያ የራሳችሁን ቅጂ አጠገቡ አድርጋችሁ ስሙ። እየሰማችሁ የራሳችሁ ከቀድሞው ይልቅ አስቀያሚ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፤ ጆሯችሁ ከእጃችሁ ቀድሞ አድጓል ማለት ነው። ጥሩ ተጫዋች ሁሉ እዚያ ያልፋል።

ከመፍረዳችሁ በፊት ደግሞ መሣሪያውን እዩት። ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ ርካሽ ጊታር ላይ ባሬ ኮርድ ለባለሙያም ይከብዳል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውንና ተጭናችሁ የሚወጣውን ድምፅ አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ መጀመሪያ ያረጀውን ክር ቀይሩ፤ ካልተስተካከለ ለሚጠግን ሰው ስጡት። በዚያ ጊታር ላይ ቅኝታችሁ ተበላሸ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

እና ሰው «ጊታር ትጫወታለህ አሉ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለን» ሲላችሁ «መካከለኛ ነኝ» አትበሉት። እሱ ምኑንም አያውቅበትም። የምትችሉትን ንገሩት። «ማጀብ እችላለሁ፣ ኪይ ቢቀየርም ችግር የለብኝም፣ ችክችካ እይዛለሁ፣ ሶሎ ግን ገና ነኝ፤ ዘፈኖቹን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።» እንዲህ ብሎ የሚመልስ ልጅ እኔ ብሆን ያንኑ ዕለት ልምምድ እጠራዋለሁ።